የዳቦ ልብስ

አባይነህ ከጉራጌ አገር ሲመለስ፣ ሞላሌ ላይ ከአይሱዙው የወረደው እርጥብ ጆንያ ታቅፎ ነበር። አስተቃቀፉ እንደ አራስ ልጅ ስለነበር ሊቀበለው የወጣችው ሚስቱ ጥሩሸዋ ልቧ ስንጥቅ አለ። ወንድ ልጅ ሩቅ አገር ከርሞ ሲመጣ ምን ታቅፎ እንደሚመጣ አይታወቅም። ጠጋ ብላ የጆንያውን አፍ ገለጥ አደረገች። ሥራቸው ጭቃ የለበሰ፣ ቅጠላቸው የተጠቀለለ ችግኞች ናቸው።

«ኮባ ነው እንዴ?» አለችው።

«እንሰት ነው።»

«አባይነህ፣ ኮባ ነው እንጂ!»

«እኛ ኮባ እንለዋለን፤ እነሱ እንሰት ይሉታል። እኛ ዳቦ እንጋግርበታለን፤ እነሱ ይበሉታል። ልዩነቱ ይኸው ነው።»

ጥሩሸዋ የጠበቀችው ሻሽ ነበር፤ ቢቀር ቢቀር አንድ ማንቆርቆሪያ። እስከ ቤታቸው ድረስ አንድ ቃል አልወጣትም።

አባይነህ ወታደር ነበር። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን መለዮውን ጥሎ ከደቡብ በእግሩ ወደ አገሩ ሲያዘግም እምድብር አካባቢ ንዳድ ጣለው። አንድ ቤተሰብ አስጠግቶ አስታመመው። ከዳነ በኋላም ግንድ እየሰነጠቀላቸው ጥቂት ዓመት አብሯቸው ቆየ፤ ቆጮ የለመደው ያኔ ነው። አሁን የሄደው የዚያ ቤት አባወራ ሞተው ለቅሶ ሊደርስ ነበር። ለቅሶውን ደረሰ፤ ነገር ግን ከለቅሶው ሌላ አንድ ነገር ልቡ ውስጥ ገብቶ ቀረ። እዚያም ዝናብ ጠፍቷል፤ በቆሎው ማሳ ላይ ደርቋል። ሰዉ ግን አልተደናገጠም። ምግቡ ጓሮ ቆሟል። ዝናብ ሲመጣ ይወፍራል፣ ሲቀር ዝም ብሎ ይጠብቃል።

በእነ አባይነህ መንደር፣ በመንዝ ከጓሳ ተራራ ግርጌ፣ ኑሮ የተንጠለጠለው በገብስ ነው። ገብሱ ደግሞ የተንጠለጠለው በበልግ ነው። በጥር፣ በየካቲት ዝናቡ ጠብ ሲል ይዘራል፤ በሰኔ ይታጨዳል። አባቶቻቸው በልግን እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ያምኑት ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ደወሉ ተዛብቷል። አንዱን ዓመት ይዘገያል፤ አንዱን ዓመት ዘር አስጥሎ ይሄዳል፤ አንዱን ዓመት ጭራሽ ይረሳል። የግብርና ሠራተኞች «የአየር ጠባይ ተለውጧል» ይላሉ። የደብሩ ቄስ መምሬ ተክለጻድቅ ደግሞ «የሰው ጠባይ ተለውጦ ነው» ይላሉ። ጎተራው ከመስከረም በፊት ባዶ እንደሚሆን ግን ሁለቱም ወገን ይስማማሉ።

አባይነህን ከጎረቤቱ ከጋሽ መኳንንት የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ነው። ጋሽ መኳንንት ገብሳቸው በአጥቢያው የታወቀ፣ ምላሳቸው ከገብሳቸው የበለጠ የታወቀ ሽማግሌ ናቸው። በማግስቱ ጠዋት አንገታቸውን በካቡ ላይ ብቅ አደረጉ።

«ጥሩሸዋ፣ ባልሽ በሰላም ገባልሽ?»

«ይመስገን፣ ገባ።»

«ምን ይዞልሽ መጣ?»

«ኮባ።»

«ዳቦውስ?»

«ዳቦ የለውም። የሚበላው ራሱ ኮባው ነው ይላል።»

ጋሽ መኳንንት ሳቃቸው ሲያሸንፋቸው ካቡን ተደግፈው ቁጭ አሉ። «ልጄ፣ ኮባ እኮ የዳቦ ልብስ ነው። ልብስ ይበላል? ዘንድሮ ኮባውን ከቀመስን ለከርሞ ነጠላችንን በወጥ ልንበላ ነው!»

ወሬው ከካቡ ተነስቶ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ፤ ከቤተ ክርስቲያን ገበያ ወረደ። አባይነህ በሄደበት ሁሉ «እንዴት ነው፣ ልብሱ በሰለ ወይ?» የሚለው በዛ።

እሱ ግን ችግኞቹን ከቤቱ ጀርባ፣ ነፋስ የማይመታው ቦታ ፈልጎ ተከለ፤ አመድና ፍግ አለበሳቸው። ክረምቱን ደህና ከረሙ። በኅዳር ውርጩ መጣ። አንድ ጠዋት ሲነሳ ሁለቱ እንደተቀቀለ ጎመን ጠቁረው ተኝተዋል። አባይነህ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ እንደ ሐዘንተኛ አገጩን ያዘ።

በማግስቱ ጥሩሸዋ ዝተቷን ፀሐይ ልታሰጣ ፈልጋ አጣችው። ዝተቱ እናቷ ከራሳቸው በጎች ጠጉር ፈትለው ለሰርጓ ያሠሩላት፣ የመንዝን ብርድ አላስገባ የሚል ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ቤቱን አገላብጣ ፈተሸች፤ ጎረቤት ጠየቀች። በኋላ ወደ ጓሮ ብትዞር፣ ትልቁ ኮባ ዝተቷን ተከናንቦ፣ ወገቡን በገመድ ታጥቆ ቆሟል።

«አባይነህ!» አለች። ድምጿ ገደል ለገደል አስተጋባ።

«ለዛሬ ብቻ ነው።»

«እኔስ ለዛሬ ምን ልልበስ? ቅጠል?»

ጋሽ መኳንንት ይህንንም ከካቡ ማዶ ሰምተዋል። ሳምንት ሳይሞላ «አባይነህ ሚስቱን አስነስቶ ኮባውን አስተኛ» የሚለው አገር አዳረሰ።

ዝተቱ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። አባይነህም አገሬው በጋራ ዘግቶ የሚጠብቀው ጓሳ ለሣር አጫጆች እስኪከፈት ጠብቆ፣ የድርሻውን አጭዶ ተሸክሞ መጣና ለእያንዳንዱ እንሰት የሣር ካባ ሠራለት። ከሩቅ ለሚያያቸው ጓሮው ውስጥ ሱባኤ የገቡ ባሕታውያን ይመስሉ ነበር። ያንን ውርጭ አለፉ፤ የሚቀጥለውንም። የእምድብር ሰዎች እንዳሳዩት አንዱን ከሥሩ ቆርጦ በቀበረ ቁጥር ከዙሪያው ብዙ ግልገል ችግኝ ስለሚወጣ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጓሮው አረንጓዴ ግድግዳ ሆነ።

ያኔ ደግሞ ሌላ ጠላት መጣ፦ ማኅበርተኛ። ድሮ ሴቶቹ ለድፎ ዳቦ የሚሆን ኮባ ፍለጋ እስከ ቆላው ሸለቆ ይወርዱ ነበር። አሁን የእነ ጥሩሸዋ ጓሮ እያለ ማን ይወርዳል? ጥሩሸዋ ደግሞ የለመኗትን አትነሳም። አባይነህ እርሻ ሲሄድ ቅጠል ትሰጣለች፤ ሲመለስ እንሰቱ ራሱን እንደተላጨ ሰው ሆኖ ይጠብቀዋል።

«ቅጠሉ ሲቆረጥ ግንዱ አይወፍርም» ይላታል።

«እኔ ምን አውቄ! ነፋስ ይሆናል» ትለዋለች።

የሚካኤል ማኅበር ጋሽ መኳንንት ቤት የወጣ ጊዜ ነገሩ ገሃድ ሆነ። ድፎው ቀረበ፤ መምሬ ተክለጻድቅ ባርከው ቆረሱ። አባይነህ ድርሻውን ተቀብሎ ከሥሩ የተጣበቀውን የተጠበሰ ቅጠል ላጥ አድርጎ ትክ ብሎ አየው። ጫፉ ላይ በረዶ የበሳው ቀዳዳ አለ።

«ይቺን ቅጠል አውቃታለሁ!» አለ ጮክ ብሎ።

ጥሩሸዋ ዓይኗን ወደ ጣራው ሰቀለች። ጋሽ መኳንንት ግን «ታዲያ ብላት! አንተ አይደለህ ይበላል የምትለው?» አሉና ጠላው በሰው አፍንጫ እስኪወጣ አሳቁ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ያ ክፉ ዓመት መጣ። በልጉ ጨርሶ ቀረ። የካቲት ደረቀ፤ መጋቢት ደመና አሳይቶ ነሳ። ዘር የጣሉት ዘራቸውን ወፍ ለቀመው። በጎች ከካብ ሥር አፈር መላስ ጀመሩ። አባይነህ በሚያዝያ አንድ ቀን ምሳሩን ስሎ «ጊዜው ደርሷል» አለ።

«እሺ፣ እንዴት ነው የሚሠራው?» አለች ጥሩሸዋ።

«ቀላል ነው። ይቆረጣል። ከዚያ ይቀበራል። ከዚያ ቆጮ ይሆናል።»

«በመቆረጥና በመቀበር መሃል ምንም የለም?»

አባይነህ ራሱን አከከ። በዚያ አገር እንሰት ሲፋቅ ወንድ ድርሽ አይልም፤ ሴቶቹ ያባርሩታል። እሱ የሚያውቀው ሁለቱን ጫፍ ነው፦ ጓሮ የቆመውን ተክልና ሳህን ላይ የተቀመጠውን ቆጮ። መሃሉን ግን ዓይቶት አያውቅም። ይህን ለሚስቱ ከመንገር ምሳሩን ማንሳት ቀለለው።

ሁለት ትልልቅ እንሰት ጣለ። ግንዱን በምሳር ፈለጠው፤ ፍላጩን በሙቀጫ ወቀጠው። ፈሳሹ እየተረጨ ክንዱን አሳከከው፤ ሸሚዙም እስከ ዛሬ ያልለቀቀ ጥቁር እድፍ ያዘ። ጥሩሸዋ ሙቀጫዋን ቀምታ ገባች። እሱም የወቀጠውን እንደ ወቀጠው፣ ሳይጨምቀው፣ ከካቡ ሥር በቆፈረው ጉድጓድ በቅጠል ጠቅልሎ ቀበረው፤ ድንጋይ ጫነበት፤ አፈር መለሰበት። በልቡ ግን አንዳች ነገር እንደጎደለ ያውቀው ነበር።

ግንቦት ሲጋመስ ጉድጓዱ መናገር ጀመረ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር የሚሸተው፤ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሆነ። ነፋሱ ደግሞ አድልዎ ያውቃልና በቀጥታ ወደ ጋሽ መኳንንት ደጅ ያደርሰዋል። ጋሽ መኳንንት በመጀመሪያ ድመት ሞታ ነው ብለው ጣራቸውን አስፈተሹ። ቀጥሎ ሚስታቸውን ወይዘሮ አመተሥላሴን ጠረጠሩ፤ ቅቤ አበላሽታ ደብቃ ይሆናል ብለው። ወይዘሮ አመተሥላሴ በዚህ ተቀይመው አኮረፏቸው።

በሰኔ የሐዋርያት ጾም ገባ። በዚያው ሰሞን የጋሽ መኳንንት ሙክት ጠፋ። ለጾሙ መፍቻ ተብሎ፣ ከልጅ አፍ እየተቀነሰ የተቀለበ ሙክት ነው። ገመዱ ተበጥሶ ተገኘ፤ ሙክቱ ግን የለም። ጋሽ መኳንንት ሲፈልጉ ውለው ሲመለሱ ዓይናቸው ካቡን ተሻግሮ ጉድጓዱ ላይ አረፈ። አፈሩ ትኩስ ነው! አባይነህ «እስቲ ምን ደረሰ» ብሎ ባለፈው ቀን ከፍቶ፣ ደንግጦ መልሶ የደፈነው ነበር።

ጋሽ መኳንንት አንድና አንድ ደመሩ።

በማግስቱ መምሬ ተክለጻድቅን፣ ጠመንጃ ያነገተውን የቀበሌ ሚሊሻ በኃይሉንና የመንደሩን እኩሌታ አስከትለው መጡ።

«አባይነህ፣ ሙክቴ የት አለ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ጋሽ መኳንንት?»

«እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ምንድን ነው የቀበርከው?»

«ምግብ ነው።»

«እኮ! ሙክት ምግብ አይደለም?»

መምሬ ተክለጻድቅ መስቀላቸውን እያሻሹ ወደ ፊት መጡ። «ልጄ፣ በጾም ከሆነ ነገሩ ድርብ ነው። ስርቆቱ የዳኛ ነው፤ ሥጋው ግን የእኔ ነው።»

«ሥጋውማ የእርስዎ መሆኑን እናውቃለን፣ መምሬ» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ሰዉ አፉን በጋቢው ሸፈነ።

በኃይሉ ጠመንጃውን ለሰው አስይዞ አካፋ አነሳ። ድንጋዩን ሲያነሳ ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ሽታው መትቶት ነው። ከአፈሩ ሥር በቅጠል የተገነዘ፣ ረዘም ያለ፣ ነጣ ያለ ነገር ብቅ አለ።

«ወይኔ! ሰው ነው!» ብላ አንዲት ሴት ጮኸች።

ማን እንደሞተ ሳይታወቅ ለቅሶው ተጀመረ። ደረት የሚመቱም ነበሩ። መምሬ ተክለጻድቅ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲሉ ሰዉ ተቀበላቸው። አንዲት ባልቴት በመሃል ቆም ብለው «ለመሆኑ ከመንደሩ የጎደለ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ፤ ማንም አልጎደለም። ለቅሶው ቀስ እያለ ቆመ።

በኃይሉ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ቅጠሉን በዱላ ገለጠው። ጠጉር የለም፣ ቀንድ የለም፣ ሰኮና የለም። ግራጫ፣ ጭራ ጭራ ያለው፣ የረጠበ ነገር ነው።

«ሙክቴ አይደለም» አሉ ጋሽ መኳንንት። ይዘኑ ይደሰቱ አልታወቀም። ጉድጓዱን በከዘራቸው እየጠቆሙ «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

«ቆጮ ነው።»

«ምግብ ነው ነው የምትለኝ?»

«ነው።»

«እስቲ ብላው።»

አባይነህ ዙሪያውን አየ። መሸሻ የለም። ጎንበስ ብሎ ቆንጠር አደረገና አፉ ውስጥ ከተተ። አኘከ። አንዴ እንደገና አኘከ። ማንቁርቱ ወጣ፣ ወረደ፣ መልሶ ወጣ። ከሁለቱም ዓይኖቹ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

«ይ… ጣፍጣል» አለ።

ሳቁ ጓሳ ድረስ ተሰማ። በኃይሉ አካፋውን ጥሎ ሆዱን ያዘ። ጋሽ መኳንንት «ከአንጀቱ ነው የሚበላው፣ እዩት! እያለቀሰ!» እያሉ መሬቱን በከዘራቸው ደበደቡት።

ጥሩሸዋ ይህን ሁሉ ጊዜ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። በዝተቷ ተናዳበታለች፤ በሙቀጫዋ ተናዳበታለች፤ ገበያ በሄደች ቁጥር «ባለ ልብስ» እየተባለች በሱ ምክንያት አፍራለች። አሁን ግን ያ ጎልማሳ ሰው በሰው መሃል እንባው እየወረደ ያንን ነገር ሲውጥ ስታየው፣ ነጠላዋን አጣፋች። ሰዉን ገፍታ ገባች። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክካ ከባሏ እጥፍ የሚሆን ጭብጥ አድርጋ ዘግና አፏ ከተተች፤ ፊቷን ሳታጨማድድ አኝካ ዋጠችው።

ሳቁ ተቆረጠ።

«ጎምዝዟል» አለች ቆማ እጇን እያራገፈች። «በደንብ አልተሠራም። ሠሪው ወንድ ነው፤ ምን ይጠበቃል! ግን ምግብ ነው። አሁን እናንተ ንገሩኝ፤ በልጉ ቀርቷል፣ የመኸሩ ገብስ እስከ ኅዳር አይደርስም። በነሐሴ የምትበሉት ማን ቤት አለ? ያለው ይናገርና አብረን እንሳቅ።»

ሰዉ እግር እግሩን ያይ ጀመር። ጋሽ መኳንንትም ከዘራቸውን ዝም አሰኙ።

በዚህ መሃል ከላይ በኩል አንድ ፈረሰኛ መጣ፤ ከጓሳ ጠባቂዎች አንዱ ነው። ሰዉን ሰላም አለና «ሙክት የጠፋበት ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ጋሽ መኳንንት ከኋላ ሆነው በቀጭን ድምፅ «ምን ዓይነት?» አሉ።

«ዳለቻ። ግንባሩ ነጭ። በተዘጋው ግጦሽ መሃል ገብቶ ሲበላ ይዘነዋል። ከገባ ወዲህ እንዲያውም ሳይወፍር አልቀረም።»

ጓሳ እንዲዘጋ ስብሰባ የተደረገ ጊዜ «የገባ ከብት፣ የቄስም ይሁን የዳኛ፣ ይያዝ! ባለቤቱም ይቀጣ!» ብለው ከሁሉ በላይ የጮኹት ጋሽ መኳንንት መሆናቸውን የማያስታውስ አልነበረም። ማንም ግን አላነሳባቸውም፤ መምሬ ተክለጻድቅ ብቻ «ሙክቱም ጾሙን በሣር ነው የጾመው፤ ከኛ ይሻላል» አሉ።

ጋሽ መኳንንት ከነሽበታቸው አባይነህ ፊት ጎንበስ አሉ። «አጥፍቻለሁ፣ ወንድሜ። ምን ልካስ?»

አባይነህ አፉን ሊከፍት ሲል ጥሩሸዋ ቀደመችው። «እሱ ምንም አይፈልግም። እኔ ግን በቅሎዎን ለነገ ያውሱኝ።»

በማግስቱ ጥሩሸዋ በጋሽ መኳንንት በቅሎ ሞላሌ ወረደች። እዚያ ጨርቅና ጨው የሚነግድ ሙሐመድያሲን የሚባል ሰው አለ። ሚስቱ ሲዲቃ የስልጤ ልጅ ናት። ጥሩሸዋ ጨው ልትገዛ በሄደች ጊዜ አንዴ ሲዲቃ በአገሯ ኮባ ዋና ምግብ መሆኑን ነግራት ነበር፤ ጥሩሸዋ ግን ያኔ የባሏ ነገር አንገሽግሿት ስለነበር ወሬውን ቀይራባታለች። አሁን ሱቁ ደፍ ላይ ቁጭ ብላ የሆነውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። ሲዲቃ አዳመጠች፤ ሻርፗን አስተካከለች፤ ለባሏ «ሱቁን ጠብቅ» ብላ ከጥሩሸዋ ጋር በዚያችው በቅሎ ወደ መንደሩ ወጣች።

ጓሮ ገብታ ጉድጓዱን ስታይ ግንባሯን ያዘች።

«ይሄን የሠራው ማነው?»

የተሰበሰበው ሁሉ በአንድ እጅ አባይነህን አመለከተ።

«በላኸው?»

«በላሁት።»

«ሳይጨመቅ? አላህ ትልቅ ነው፣ በሕይወት አለህ። በሉ አሁን ወንድ የሚባል ሁሉ ከዚህ ይውጣ!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጓሮው የሴቶች ሆነ። ሲዲቃ የበሰሉትን እንሰቶች መርጣ አስጣለች። ሳንቃ አስደግፋ፣ ከቀርከሃ በተሠራ መፋቂያ ግንዱ እንዴት እንደሚፋቅ አሳየች፤ የተፋቀው እንዴት እንደሚጨመቅ፣ ከጭማቂው ሥር የሚረጋው ነጭ ዱቄት ቡላ እንደሚባል፣ ለአራስ ገንፎ እንደሚሆን ነገረቻቸው። የሥሩን ጉጥ በዚያው ቀን ቀቅላ አቀረበች። ከድንች ጋር ይመሳሰላል፤ ሴቶቹ በበርበሬ እያጠቀሱ ድስቱን ጠረጉት። ቅጠሉንም ለበጎቹ ጣሉላቸው፤ በጎቹ ማንም ሳያስተምራቸው ገባቸው። የተፋቀው ግን በአዲስ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ አዲስ ጉድጓድ ገብቶ እንዲብላላ ተተወ።

በሥራው መሃል ጥሩሸዋ ቀና ብትል ካቡ ላይ የጋሽ መኳንንት ራስ ጥምጣም ብቅ ጥልቅ ይላል።

«ጋሽ መኳንንት፣ ወንድ አይታይም ተብሏል እኮ!»

«አይ፣ ዶሮ ጠፍታብኝ ነው።»

«ዶሮዋም ጓሳ ሄዳ ይሆናል፤ ፈረሰኛውን ይጠብቁት።»

ጥምጣሙ ሰጠመ። ሴቶቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ሥራው ለጊዜው ቆመ። ወይዘሮ አመተሥላሴም ከተኮራረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በባላቸው ከልባቸው ሳቁ፤ ማታ ቤታቸው ሲገቡ ታርቀዋቸው ነበር።

ነሐሴ ገብቶ ጾመ ፍልሰታ ሲጀመር ጉድጓዱ ተከፈተ። የዚህኛው ሽታ እንደ ቦካ ሊጥ ነው። ሲዲቃ እንዳስተማረቻት ጥሩሸዋ የቆጮውን ጭራ ከትፋ፣ አድቅቃ፣ በራሷ ሐሳብ ደግሞ የቀረቻትን የገብስ ዱቄት ነስነስ አድርጋ በቅጠል ጋገረችው። ከቅዳሴ በኋላ በጎመን አቀረበች። መጀመሪያ የቀመሱት መምሬ ተክለጻድቅ ናቸው። ሁሉም አፍ አፋቸውን ያይ ነበር።

«መምሬ፣ ለጾም ይሆናል?» አለ በኃይሉ።

«ሥጋ የለበት፣ ቅቤ የለበት፣ ምን ይከለክለዋል?» አሉ እየጎረሱ። «የሰኔው ነበር ለጾም የሚሆነው። እሱን ያሸተተ ሳምንት ምግብ አያምረውም።»

ያን ክረምት መንደሩ ጠግቦ ከረመ ማለት ውሸት ነው። የአባይነህ ጓሮ ለሁሉ አይበቃም ነበር፤ የእርዳታ ስንዴ የተሰለፉም አሉ። ነገር ግን ልጅ አዋቂውን ይዞ ወደ ደብረ ብርሃን የተሰደደ ቤት የለም፤ የዘር ገብሱን የበላም የለም። በየቤቱ ትንሽ ትንሽ ቆጮ፣ ትንሽ ትንሽ ገብስ እየተደባለቀ ኅዳር ተደረሰ።

ጋሽ መኳንንት በጥቅምት አንድ ቀን በካቡ ሳይሆን በበሩ ዞረው መጡ። አባይነህ የሣር ካባ እየጎነጎነ ነበር። አጠገቡ ቁጭ ብለው ስለ ሰማዩ አወሩ፣ ስለ በጎቹ አወሩ፣ ስለ ሚሊሻው ጋብቻ አወሩ። ሊነሱ ሲሉ «ለካ… አመተሥላሴ ግልገል ቢጤ ትፈልጋለች። ለዳቦ ቅጠል ነው» አሉ።

«ለዳቦ ከሆነ አንድ ይበቃል» አለ አባይነህ።

«እሱስ ነው።» ጺማቸውን ጎተቱ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለሌላውስ ነገር ስንት ይበቃል?» ብለው ጠየቁ።

አባይነህ ሳይስቅ መርጦ ቆፍሮ ሰጣቸው፤ ሄዶም ተከለላቸው። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም መጡ። የመፋቁና የመቅበሩ ነገር ዳግመኛ እሱን አይመለከተውም፤ ሚስቱ አጠገቡ አታስደርሰውም። መትከልና ከውርጭ ማዳን ግን የእሱ ሙያ ሆነ። በዚህ ቅር አላለውም።

በሚቀጥለው ዓመት በልጉ፣ ምን ትዝ እንዳለው አይታወቅም፣ በጊዜው መጣ። ዝናቡ ልክ፣ ፀሐዩ ልክ፤ ሰኔ ላይ ገብሱ ሰው ይውጥ ነበር። በእድር ስብሰባ ላይ በኃይሉ ተነስቶ «እንግዲህ እግዜር ታርቆናል። ይሄን ጓሮ ያጣበበውን ተክል ነቅለን ድንች ብንተክልበትስ?» አለ። የተስማሙ ነበሩ።

ጋሽ መኳንንት ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። «ዝናቡ ዘንድሮ መጥቷል፤ ተመስገን። ለከርሞ እመጣለሁ ብሎ ግን ለአንተ ነግሮሃል?»

«ለእኔማ አልነገረኝም።»

«ለመምሬስ?»

መምሬ ተክለጻድቅ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያው ድንችህን ከኮባው ጎን ትከለው» አሉና ተቀመጡ። ጉዳዩ በዚሁ አለቀ።

በዚያው ሰሞን ከራቤል በኩል የመጡ ሴቶች ጥሩሸዋን ወስደው ሥራውን እንድታሳያቸው ለመኑ። ሲዲቃና ወይዘሮ አመተሥላሴም አብረው ሊሄዱ ተስማሙ፤ ሦስቱ በሦስት በቅሎ ተነሱ። አባይነህ እርካቡን ይዞ «እኔስ ምን ልብላ?» ቢላት፣ ጥሩሸዋ «ሞሰቡ ውስጥ አለልህ፤ ባትቀብረው ነው!» ብላው ሄደች።

አባይነህ ቤት ገብቶ ሞሰቡን ሲከፍት ባዶ ነው፤ ጠዋት እሱ ራሱ ጨርሶታል። በሶ ልበጥብጥ ብሎ ውኃ አበዛበት። ጣሳውን ይዞ ደጁ ላይ ግራ ገብቶት ሲቀመጥ፣ ጋሽ መኳንንት ሚስታቸው ከጥሩሸዋ ጋር ስለሄዱባቸው እሳቸውም አንድ ማሰሮ ጠላ አቅፈው መጡ። የሚበላ አልያዙም። ሁለቱ ሰዎች ካቡን ተደግፈው፣ በሶውን እየተቀባበሉ፣ በጠላው እያወራረዱ፣ ማሳው ላይ ገብሱ ሲወዛወዝ ያዩ ጀመር። በሶው ውኃ ነው፤ ጠላው ግን ቀድሞ ከደረሰው አዲስ ገብስ የተጠመቀ ነበርና ግሩም ወጥቶለታል።